በውስጥ እግር ያለች ጥቁር ነጥብ



የዚህ ወር ጽሑፌ መነሻ የመስጂዳችን የውዱእ ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ሰው ከሰው ጎን ተቀምጦ እግሩን ሲያጥብ የጎረቤቱን እግር ሳይፈልግም ያያል። ከመግሪብ ሶላት በፊት ብዙ ጊዜ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ ሀጂ አሉ። እኚህ አባት ቀኝ እግራቸውን አንሥተው ተረከዛቸውን ሲያሹ በውስጥ እግራቸው በኩል የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ጥቁር ነገር አየሁ። ጠርዟ የተሸረካከተ፣ መልኳም አንድ ወጥ ያልሆነ፣ ከፊሏ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ከፊሏ ቡናማ ነበረች። ይህ የሆነው በረቢዑል አወል ወር ነው።

እኔ ቀን ቀን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የቆዳን ንብርብር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ ቀለም ሰጪ ሴሎች የት እንደሚገኙ በቀስት እያመለከትሁ ለተማሪዎቼ የማስረዳ ሰው ነኝ። ያየሁት ነገር ሐኪም ሊያየው የሚገባ መሆኑን ዐውቄአለሁ። ነገር ግን ዝም አልሁ። የሰው ገላ ማየት ነውር ነው፣ አባት የሚሆኑኝን ሰው ስለ እግራቸው መጠየቅም ድፍረት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን ሀጂ ከተነሡበት መቀመጫ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ደም አየሁ። አፌን የከፈትሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ሁለቱ ወር አላህ ይማረኝ።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች በእግርዎ ሥር ያለችው ነገር ከመቼ ጀምሮ ናት?» አልኋቸው።

«እሷማ ቆየች። እሾህ ወግቶኝ ነበር፤ የዚያ ደም ነው የረጋው።»

«ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሁለት ክረምት አልፏታል።»

«ሐኪም አይተዋትም?»

«አይ ኡስታዝ! የቁልቋል ደም ቀብቼባት ነበር፤ ሳስታ ተመለሰች። ሐኪም ቤት ብሄድ እነሱ የሚያውቁት መቁረጥ ነው። ብረት የነካው ነገር ደግሞ ይሰራጫል ይላሉ። ለመሆኑስ አላህ የፈጠረውን አካል እንዴት ቆርጬ እጥላለሁ?»

በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያምንባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ እሾህ ነው፣ ብረት ያሰራጨዋል፣ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው። ከሀጂ ጋር ስንነጋገርባቸው የከረምነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በአማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። አንዱ ጥቁር ነጥብ ይለዋል፣ ሌላው ምልክት፣ አገሬው በጠቅላላ ደግሞ ማርያም የሳመችው ይላል። ዐረብኛ ላይ ሻማ ወይም ኻል ይባላል። ቆዳችንን የሚያጠቁር ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ ቁጥራቸው በነጩም በጥቁሩም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው፣ ልዩነቱ የእኛዎቹ ብዙ ቀለም መሥራታቸው ነው። እነዚህ ሴሎች በአንድ ስፍራ ሲሰባሰቡ ነጥብ ይሆናሉ። ከነጥቦች አብዛኛዎቹ ምንም ጉዳት የላቸውም፤ ሰው ይዟቸው ኖሮ ይዟቸው ወደ ቀብር ይወርዳል። ጥቂቶቹ ግን ሥርዓት ለቀው ይባዛሉ። ያን ጊዜ በሽታው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ይሆናል።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው ሲባል እንሰማለን። በከፊል እውነት አለው፤ ሜላኖማ በነጮች ላይ እጅግ ይበዛል፣ የእነሱም ዋነኛ መንሥኤ ፀሐይ ነው። በእኛ ላይ ግን በሽታው ቦታ ይለውጣል። በጥቁር ሰው ላይ ከሚገኘው ሜላኖማ ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር ነው። ሰው ደግሞ ፊቱን እንጂ ውስጥ እግሩን በመስተዋት አያይም። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚደረስበት ዘግይቶ ነው። (የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ወገኖቻችን ነገር የተለየ ነው፤ እነርሱን ፀሐይዋ ራሷ ለቆዳ ካንሰር ታጋልጣቸዋለችና ከልጅነታቸው ጀምሮ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋቸዋል።)

የእሾሁን ነገር እንመልከት። እሾህ ወግቶ ወይም ጫማ ጨቁኖ ደም ቢረጋ፣ የውስጥ እግር ቆዳ ከሥር እያደገ ከላይ ስለሚረግፍ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በጥፍር ሥር የረጋ ደምም ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት እየተገፋ ይወጣል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ተተክሎ የቀረ፣ ይባስ ብሎም የሰፋ ጥቁረት የረጋ ደም አይደለም። የእኛ ሰው ጥፍር ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ቡናማ መሥመሮች አያስደንግጧችሁ፤ በብዙ ጥፍሮች ላይ ካሉ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ናቸው። በአዋቂ ሰው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ መሥመር ሲወጣ፣ እየሰፋ ሲሄድ፣ ጥቁረቱም ከጥፍሩ አልፎ ወደ ሥሩ ቆዳ ሲፈስ ግን ሐኪም ይየው።

ሐኪሞች በሌላውም ገላ ላይ የሚመለከቷቸው ምልክቶች አሉ። ነጥቧ ለሁለት ብትከፈል ግማሿ ግማሿን የማይመስል፣ ጠርዟ የተበጣጠሰ፣ ቀለሟ የተዘበራረቀ፣ ስፋቷ ከስድስት ሚሊ ሜትር ማለትም ከእርሳስ ላጲስ ጫፍ የበለጠ ከሆነች ያጠራጥራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለውጥ ነው። ዐሥር ዓመት እንዳለች የኖረች ነጥብ በወራት ውስጥ ካደገች፣ ካሳከከች፣ ከደማች፣ ቆስላም አልድን ካለች ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም። አንዳንዴም ሜላኖማው ቀለም ሳይኖረው ቀላ ያለ እብጠት ሆኖ ይወጣልና የማይድን የእግር ቁስል ሁሉ መታየት አለበት።

ለሀጂ የነገርኋቸው የመጀመሪያ ታሪክ፣ ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ስለ ጃማይካዊው ቦብ ማርሌ ነበር። ስለ ዘፈኑ አይደለም የማወራው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ጉዳት ተገኘበት፤ በኳስ ጨዋታ የደረሰበት መስሎት ነበር። ሐኪሞች ሜላኖማ መሆኑን አረጋግጠው ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። የራስተፈሪያን እምነቴ አካሌን ማጉደል አይፈቅድልኝም ብሎ እምቢ አለ፤ ጥፍሩና ሥሩ ብቻ ተነሥቶ የሌላ ቦታ ቆዳ ተለጠፈበት። በሽታው ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተዛምቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ጣቱ ቢቆረጥ ይድን ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ ዕጣው ግን የተሻለ በሆነ ነበር።

ሀጂ ትንሽ አሰቡና «ዑርዋስ?» አሉኝ። እኔ ያላሰብሁትን እሳቸው አስታወሱኝ። ዑርዋ ኢብን ዙበይር የአስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ.) ልጅ፣ ከመዲና ሰባቱ ፉቀሃእ አንዱ ናቸው። ወደ ኸሊፋው ወሊድ ሲጓዙ እግራቸውን የሚበላ በሽታ ያዛቸው። ወደ ላይ እንዳይወጣ ሐኪሞች መቆረጥ አለበት ሲሏቸው ፈቀዱ፤ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ፣ ወደ መዲናም ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ሁላችንም ይህን ታሪክ በደርስ ላይ ሰምተነዋል፤ የምንሰማው ግን ስለ ሰብራቸው ነው። ያ ታላቅ ታቢዒይ የአላህን ፍጥረት አትንኩ አለማለታቸውን ልብ ያልነው ስንቶቻችን ነን?

ወደ ፊቅሁ ካለፍን ዘንድ፣ ሀጂ የፈሩት መሠረት የሌለው ፍርሃት አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ 119ኛው አንቀጽ ሸይጧን ሰዎችን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ እንደሚያዛቸው ተነግሯል። ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ተነቃሾች፣ ቅንድብ ነቃዮችና ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን የሚፈለፍሉ ሴቶች ተረግመዋል። ነገር ግን ለውበት ሲሉ የሚለው ቃል ዝም ብሎ የገባ አይደለም። ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ የተከለከለው ውበት ለመፈለግ የሚደረገው መሆኑን፣ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለትና ለመሰለው ከሆነ ግን ችግር እንደሌለበት ገልጸዋል። በዚህ ርዕስ ጠበቅ ያለ አቋም የነበራቸው ኢማም ጦበሪ እንኳ ትርፍ ጣት ወይም ጥርስ መነካት የለበትም ሲሉ የሚጎዳውንና የሚያሳምመውን ለይተው አውጥተዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ለተቆረጠው ለዐርፈጃ፣ የብሩ አፍንጫ ሲሸተው፣ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርግ አዘውታል። መድኃኒት እንድንፈልግም አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል።

ስለዚህ ያጠራጠረ ነጥብ መነሣቱ ሕክምና ነው፤ የፍጥረት መለወጥ ጥያቄ እዚህ ላይ አይነሣም። ሳይታከም እየደማ የሚተው ሰው ነው ሊጠየቅ የሚገባው።

ብረት ያሰራጨዋል ስለሚባለው አጭር ነው። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ናሙና ይወስዳል ወይም ነጥቧን እንዳለች ያነሣል፤ ፓቶሎጂ ክፍል በማይክሮስኮፕ ታይታ ውጤቷ ይነገራል። ናሙና መውሰድ ካንሰርን አይበትንም። ሰዎች ከቢላው በኋላ ሲብስባቸው የሚታየው በብዛት ቢላው ጋ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ስለሆነ ነው። በሽታው የሚለካው በውፍረቱ ነው፤ ይህን ልኬት አሜሪካዊው ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 አስተዋወቀው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አብዛኛውን ሰው ያድናል፤ እየጠለቀ ሲሄድ ወደ ንፍፊት ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ሳንባና ጉበት። ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተው የተሰራጨ ሜላኖማ ያለባቸውን ሰዎች ዕድሜ አራዝመዋል፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። የሚበትነው ይልቅ የእኛው የቤት ሕክምና ነው ለማለት ባልደፍርም፣ ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ቁልቋል፣ አሲድ፣ በፈረስ ጭራ ማሰር የነጥቧን ላይ ያቃጥሉና ሥሯን ይተዋሉ፤ ለምርመራ የሚሆን ነገርም አይቀርም። በየውበት ሳሎኑ ሳትመረመር በማሽን የምትቃጠል ነጥብም ከዚህ አትለይም።

እዚህ ላይ እህቶቼ ለምን ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ልመልስ። በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚወጡት፣ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያህል የሆኑ ጥቁር ጥቃቅን ነገሮች በጥቁር ሰው ላይ የተለመዱ፣ በቤተሰብ የሚወረሱ፣ ከዕድሜ ጋር የሚበዙ ናቸው። ወደ ካንሰር አይለወጡም። ሐኪም ሊያነሣቸው ይችላል፤ ነገር ግን በቦታቸው ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ትተው ሊያልፉ፣ ሌሎችም ሊተኩ ይችላሉ። ቁስላቸው ሲድን የሚያብጥባቸው ሰዎች በተለይ በደረት፣ በትከሻና በጆሮ አካባቢ ባያስነኩ ይሻላቸዋል። እኔን ከጠየቃችሁ ተዉአቸው እላለሁ፤ የእናቴ ፊት ያለ እነርሱ የእናቴ አይመስለኝም። የሚያቀላ ቅባት ግን በጭራሽ! ቆዳን ከማሳሳት በቀር ፋይዳ የለውም።

ይህ ማለት ፊት ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ይተው ማለት አይደለም። የጉንጯን እኩሌታ የሸፈነ፣ ጠጉር ያበቀለ ምልክት ይዛ የተወለደች ተማሪ አለችኝ፤ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ትቀመጣለች፣ ሻሿንም ወደዚያ ጎን ትስባለች። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው ስብሰባ በአካል ወይም በመንፈስ ላይ ጉዳት የሚያደርስ አስከፊ ገጽታን ለማስወገድ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። ወላጆቿ ሸይኽ ከልክሎናል ሲሉኝ ይህንኑ ውሳኔ ነግሬአቸዋለሁ። በጣም ሰፋፊ የትውልድ ምልክቶች፣ በተለይ አድገው ከሃያ ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት፣ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ለጤናም ሲባል ክትትል ይሻሉ። በሕፃናት መቀመጫና ወገብ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ተመትቶ አይደለም፣ በአብዛኛው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ይጠፋል።

ለቤተሰብ ደግሞ ይህን እላለሁ። እኛ በቀን አምስት ጊዜ እግራችንን የምናጥብ፣ በጣቶቻችንም መካከል ውኃ የምናሳልፍ ሕዝብ ነን። ሀጂ ያችን ነገር በሁለት ክረምት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳጠቧት አስሉት። እጃቸው ነክቷታል፣ ዓይናቸው ግን አልጎበኛትም። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለጁምዓ ስትታጠቡ፣ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጀርባን ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ትይለት። ሒና የምትሞቁ እህቶች ከመሞቃችሁ በፊት ጥፍራችሁንና ውስጥ እግራችሁን ተመልከቱ፤ ሒና በላዩ ከተሞቀ በኋላ ለሳምንታት የሚታይ ነገር የለም፣ ሐኪምም ቢሆን ይቸገራል። ለሴት ሴት ሐኪም ብትገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘች መሕረሟ አብሯት ሆኖ ወንድ ሐኪም የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ ቢመለከት ዑለማእ ፈቅደውታል። በአገራችን የቆዳ ሐኪም የሚገኝባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርትና በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ በዚህ ሙያ የቆዩ ናቸው። የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ነው ብላችሁ አትሸሹ።

ሀጂ በጁማደል ኣኺር መጀመሪያ አብረውኝ ሐኪም ቤት ሄዱ። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ሜላኖማ ነበር። ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው ተባልን። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከደኅናው ቆዳ ጋር ቆርጠው አወጡና ከጭናቸው ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ብሽሽታቸው ተመርምሮ ያበጠ ንፍፊት አልተገኘም፣ አልሐምዱ ሊላህ። እኔ ዝም ባልሁባቸው ሁለት ወራት ውስጥ ውፍረቱ ምን ያህል እንደጨመረ ሐኪሙን ጠይቄ ነበር፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ።

ከቀዶ ሕክምናው እንደነቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ሶላታቸው ነበር፤ ፋሻው ለሳምንታት ውኃ አይነካም ተብሏልና። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ራሱ የቆሰለ አንድ ሰው ጀናባ ሆኖ ሲያድር ባልደረቦቹ መታጠብ አለብህ ብለውት ታጥቦ ሞተ፤ ነቢዩም ይህን የነገሩትን አጥብቀው ወቀሱ፣ ለምን አልጠየቁም አሉ። በሐነፊ መዝሀብ ደኅናውን አካል አጥቦ ፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል፤ በሻፊዒይ በዚህ ላይ ተየሙም ይጨመራል። ሀጂ ሐነፊይ ናቸውና ፋሻውን እያበሱ፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሰገዱ።

አሁን በከዘራ ይራመዳሉ፤ በየሦስት ወሩ ብሽሽታቸውና እግራቸው ይታያል፣ የሚቀጥለው ቀጠሯቸው በሻዕባን ነው። በውዱእ ቦታ ግራ እግራቸውን ገልብጠው ወደ ብርሃኑ ሲያዞሩ አያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የእኔን ጠየቁኝ፤ አንሥቼ አሳየኋቸው።